ከልጁ ቤት የተከራየ አባት

ያለፈውን እንደ ዛሬ የሚያይ፣ የሚመጣውንም እንዳለፈ የሚያውቅ አምላክ፣ እኛ ገና ያልደረስንበትን ቀን አስቀድሞ አንብቦታል። እኛ ግን ከፊታችን ያለውን ዘመን የምናየው በጉም ውስጥ እንደቆመ ተራራ ነው፤ ቅርጹን እንገምታለን እንጂ ድንጋዩን ከዛፉ አንለይም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ነገር ይሆናል ተብሎ የሚማልበት አይደለም። እርሱ ቢፈቅድ፣ ዘመኑም በዚህ መንገድ ቢሄድ፣ ሊሆን የሚችል ነው። አንባቢ በዚሁ ልክ ይቀበለው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በወርኃ ኅዳር መጀመሪያ ቀን፣ በደሴ ከተማ፣ አቶ ወንድይፍራው አሰጌ የተባሉ የሰባ አንድ ዓመት አረጋዊ የገዛ ልጃቸውን በር አንኳኩ። በሩ ክፍት ነበር። ልጃቸው ስንዱ ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ርቃ የሥራ ጫማዋን እያሰረች ትመለከታቸዋለች። ቢሆንም ሦስት ጊዜ አንኳኩና ቆሙ።

«ማነው?» አለች ስንዱ፣ እያየቻቸው።

«የክፍል ሁለት ተከራይ ነኝ። ቁልፍ ለመረከብ ነው የመጣሁት።»

«አባባ፣ ቁልፉ እኮ ኪስህ ውስጥ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ፤ ቀጥሎም በዐይናቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ከበሩ መቃን በላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዐይን በዚያ ማለዳ ተተክላለች። የሰፈሩ ሰው ታዛቢ ይላታል። ለመጪዎቹ ዘጠና ቀናት በዚያ ቤት የሚደረገውን ሁሉ ታያለች፤ የሚነገረውንም ትሰማለች።

ስንዱ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንደምን አደሩ፣ አቶ ወንድይፍራው። ይግቡ።»

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ ባዶ ክፍል መያዝ አይፈቀድም። ቤት ያለው ሰው ከሚተኛበት የተረፈውን ያከራያል፤ ካላከራየ የማደሪያ ጽሕፈት ቤቱ ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዱን ይመድብበታል። ኪራይ መክፈል ለተሳነው ሰው ጽሕፈት ቤቱ ድጎማ ይሰጣል። ከዘመዱ ቤት የተከራየ ሰውም ከድጎማው አይከለከልም፤ ነገር ግን ኪራዩ እውነተኛ መሆኑ፣ ለድጎማው ተብሎ ያልተፈጠረ መሆኑ፣ ለዘጠና ቀን ይመረመራል። የአቶ ወንድይፍራው ጡረታ ከቀለብ አያልፍም። ምርመራውን ካለፉ በልጃቸው ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ካላለፉ ክፍሉ ለማያውቁት ሰው ይሰጣል፤ እርሳቸውም ከኮምቦልቻ በታች ባለው ቆላ ሜዳ ወደተሠራው ባለ ሠላሳ ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ ይወርዳሉ። ወደዚያ የወረደ ሰው የሚጠየቀው በወር አንድ ጊዜ፣ በቀጠሮ ነው።

አቶ ወንድይፍራው ሠላሳ አራት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የጽሕፈት ቤቱን ደንብ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። እውነተኛ ተከራይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደንቡ አይተረጉምም፤ እርሳቸው ግን ተረጎሙት። እውነተኛ ተከራይ ባዕድ ነው ብለው ደመደሙ። ባዕድ የመሆንን ነገር ደግሞ በሥርዓት ሊይዙት ቆርጠው፣ ታዛቢዋ ከመተከሏ በፊት በነበረው ቀን ዐሥራ አራት አንቀጽ ያለው የቤት ደንብ ጽፈው ለልጃቸው ሰጡ።

«ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አለች ስንዱ ወረቀቱን እያገላበጠች። «እንደ ወትሯችን ብንኖርስ?»

«እንደ ወትሯችን ከኖርንማ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ነኝ። ሙቀቱን ታውቂው የለም እንዴ? እንደ ጧፍ ቀልጬ ነው የምቀረው።»

«በአንድ ገበታ አይበላም። በአንድ የገመድ ሠረገላ አይሳፈሩም። በስም እንጂ በዝምድና አይጠራሩም። እና መቼ ነው የምናወራው?»

«አንቀጽ ዘጠኝን አንብቢ። በየወሩ መጀመሪያ፣ ኪራይ ስከፍል።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አየሩ ሁኔታ።»

ስንዱ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቁም፤ ብዕራቸውን አቀበሏት። እርሷም ፈረመች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሚመረምር ሰው ያስገርማል። ስንዱ በከተማው የገመድ ሠረገላ መሥሪያ ቤት የገመድ ተቆጣጣሪ ናት፤ በየማለዳው ከሰፈራቸው ወደ ፒያሳ በሚወርደው ሠረገላ ትሄዳለች። አባቷ በዚያው ሰዓት ለኪዳን ጸሎት ይወጣሉ። የመጀመሪያው ሠረገላ ሲመጣ እርሷ ትገባለች፤ እርሳቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጡና ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሠረገላዎች በአንድ ገመድ ላይ፣ በሃምሳ ክንድ ርቀት፣ እየተከታተሉ ጉሙን ሰንጥቀው ይወርዳሉ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወንዱ በወንድ፣ ሴቷ በሴት በኩል ስለምትቆም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ጠበል ቀምሰው ሲወጡ ግን በደጀ ሰላሙ ላይ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይለያዩና፣ አንዱ በላይኛው፣ ሌላው በታችኛው መንገድ ወደ አንድ ቤት ይመለሳሉ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀን አቶ ወንድይፍራው ጽሕፈት ቤቱ በድጎማ የሰጣቸውን የኪራይ ሰነድ ይዘው በሩን አንኳኩ።

«የወሩን ኪራይ አምጥቻለሁ፣ ወይዘሪት ስንዱ።»

«ደረሰኙ ይኸው።»

«ብርዱ በርትቷል።»

«ከጦሳ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ነው።»

«እንዲያ ይባላል።»

ሌላ የሚነገር አልነበረም። ሆኖም አንዳቸውም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ታዛቢዋ በየሰኞው የመዘገበችውን ለሁለቱም ትልክላቸው ነበርና፣ በሳምንቱ እንዲህ የሚል ደረሳቸው፦ «ውይይት፣ የአየር ሁኔታ። ቆይታ፣ አራት ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ ዝምታ፣ ሦስት ደቂቃ።» አቶ ወንድይፍራው ይህን አንብበው ደስ አላቸው። ሥራው በሥርዓት እየሄደ እንደሆነ ቆጠሩት።

ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ወይዘሮ ዘርፌ የተባሉ ባልቴት ይኖራሉ። ተከራያቸው ጀማል የሚባል የውሃ መሥመር ጠጋኝ ነው። በሥጋ አይዛመዱም፤ በሃይማኖትም ይለያያሉ። ወይዘሮ ዘርፌ ለጀማል ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ቢላ አስቀምጠውለታል፤ በበዓል ቀን እርሱ የራሱን ሥጋ ከራሱ ሰዎች አስባርኮ ያመጣና በዚያ ድስት ይሠራለታል፤ ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳሕን ቀርቦ አብረው ይበላሉ። ይህ በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው።

በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል የሚከበረው በታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነው። በዚያ ቀን አቶ ወንድይፍራው ከቅዳሴ መልስ ከሱቅ የገዙትን ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ስንዱ ዶሮ ሠርታለች። ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል። በአንቀጽ ዐሥራ አንድ መሠረት በበዓል ቀን ሰላምታ ይፈቀዳል፤ ማዕድ አይፈቀድም። ስለዚህ «እንኳን አደረሰዎ» ተባብለው ተለያይተዋል። ጀማል በአጥሩ በኩል አንገቱን አውጥቶ አያቸው።

«አቶ ወንድይፍራው! በጌታ ልደት እንቁላል? ከልጅዎ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«የምን ልጅ? እኔ ተከራይ ነኝ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ ታዲያ? ይኸው ወይዘሮ ዘርፌ ካልሲዬን ሳይቀር ይቆጣጠሩኛል።»

«ቀዳዳ ካልሲ ይዘህ ቤቴን ልታሰድብ ነው እንዴ!» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። «ና ግባ፣ ሳሕንህ ቀዘቀዘ! ሽማግሌውንም ጥራቸው!»

«ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» አሉ አቶ ወንድይፍራው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም ለጀማል አስረዱት። «አከራይህ ዘመድህ ስላልሆኑ ነው እንዲህ የምትዝናናው። የምትጠረጠርበት ነገር የለህም። እኛ ነን መጠንቀቅ ያለብን።»

ጀማል ነገሩ ባይገባውም ራሱን ነቀነቀላቸው።

በጥር ወር፣ የጥምቀት ዕለት፣ አቶ ወንድይፍራው ከሌሊት ጀምሮ በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሲቆሙ ብርድ መታቸው። ሦስት ቀንም በክፍላቸው ተኙ። ስንዱ ከሥራ ስትመለስ በኮሪደሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። እጇን ወደ በሩ ታነሣለች፤ መልሳ ትጥላለች። በሁለተኛው ቀን በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ሰደደች።

«ለክፍል ሁለት ተከራይ። ሳልዎ ግድግዳ አልፎ ይሰማል። የሌሎች ነዋሪዎችን ዕረፍት ስለሚያውክ በአስቸኳይ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ በጥብቅ አሳስባለሁ። አከራይ።»

በቤቱ ውስጥ ሌሎች ነዋሪዎች አልነበሩም። አቶ ወንድይፍራው ተነሥተው መነጽራቸውን አጠለቁና መልስ ጻፉ። «ማሳሰቢያው ደርሶኛል። ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ፤ ብርድ ነው ብለውኛል። እርስዎም ሐሳብ ሲበዛብዎ በእንቅልፍ ልብዎ ጥርስዎን የማፋጨት ልማድዎ ተመልሶብዎታልና አይጨነቁ።» ከዚያ የጻፉትን መልሰው አነበቡት። አንድ ተከራይ ይህን ስለ አከራዩ ከየት ያውቃል? ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። በአዲስ ወረቀት ላይ «ማሳሰቢያው ደርሶኛል» ብቻ ብለው ሰደዱላት።

ጥር ሠላሳ ቀን ዘጠናው ቀን ሞላ። በማግስቱ ሁለቱም በፒያሳ ወደሚገኘው የማደሪያ ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ሙላለም ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፤ ትሑትና ዝግ ያለ ንግግር አለው። ወንበር አቀረበላቸው። አቶ ወንድይፍራው ከልጃቸው አንድ ወንበር ዘለው ተቀመጡ።

«ውጤቱን ላንብብላችሁ» አለ ሙላለም። «ታዛቢዋ ኪራዩ እውነተኛ አይደለም ብላለች።»

አቶ ወንድይፍራው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «የቱ ላይ ነው የተሳሳትነው? ይቈጠር! አንድ ቀን አብረን አልበላን፣ ከመጀመሪያው ማለዳ በቀር በዝምድና አልተጠራራን!»

«ስሕተቱ እርሱ ነው፣ አባቴ።»

 አረጋዊው «አባት» የሚለውን ቃል ከሰሙ ዘጠና ቀን ሆኗቸው ነበር።

«ታዛቢዋ በዚህ ከተማ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ኪራይ ታውቃለች» አለ ሙላለም ወረቀቱን እያየ። «በበዓል ቀን ለተከራዩ አንዲት ጉርሻ እንኳ ያላቀመሰ አከራይ ዐሥራ አንድ ብቻ ነው የተገኘው። ተከራዩ ሦስት ቀን ተኝቶ በሩን ገፋ አድርጎ ያላየ ደግሞ አንድ ነው፤ እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሪት ስንዱ። በማይዛመዱ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ብርድ በዚህ ከተማ የለም። ስለዚህ «ተመካክረው የሚጠነቀቁ ዘመዳሞች» ብላ ጽፋለች። እኔም ባነበው እንዲያው ነው የመሰለኝ።»

አቶ ወንድይፍራው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዐሥራ አራት አንቀጽ» አሉ ለራሳቸው። «በእጄ ጽፌ። በእጄ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«አልጨረስኩም፣ አባቴ። ታዛቢዋ የምትመዝነው አድራጎትን ነው። ልብን ደንቡ ለሰው ትቶታል። ውጤቱ እንዲህ ሲመጣ አከራይን በቃለ መሐላ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ያጸናዋል ወይም ይሽረዋል።» ሙላለም መጽሐፍ ቅዱሱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ስንዱ ገፋ አደረገ። «እኚህ ሰው አባትዎ ባይሆኑ ኖሮ፣ ክፍሉን ያከራዩአቸው ነበርን?»

ስንዱ እጇን በመጽሐፉ ላይ አኖረች። አባቷ ዐይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው ስንት ሰው በዚህ መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ ሲዋሽ አይተዋል። ልጃቸው እንድትዋሽላቸው አልፈለጉም፤ ወደ ቆላውም መውረድ አልፈለጉም። በመካከል ቆመው የሚጸልዩትን አጡ።

«በኅዳር ጠይቃችሁኝ ቢሆን» አለች ስንዱ፣ «መልሴ አላከራያቸውም የሚል ነበር።»

የሙላለም ብዕር ወደ ወረቀቱ ወረደ።

«ይቆዩ። ጨረስኩ አላልኩም። ደንቡ ባይከለክል ያን ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ነበር የማስበው። እሺ ያልኳቸው አባቴ ስለሆኑ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ ግን ዘጠና ቀን ሙሉ እንደማላውቃቸው ሰው አየኋቸው። አባቴን እንደዚያ አይቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን ሁሉ ከጎናቸው ነበርኩ እንጂ ከፊት ለፊታቸው ቆሜ አላውቅም። ክፍል ሁለት ያሉት ሰው በየማለዳው ማንም ሳያዛቸው የደረጃውን ጥርጊያ ይጨርሳሉ። ከታች ሰፈር ሰዎች የክስ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያነቡላቸዋል፤ ሳንቲም አይቀበሉም። አንዱ በጎረቤቱ ላይ የሐሰት ማመልከቻ ጻፉልኝ ቢላቸው በከዘራቸው ሲያባርሩት በመስኮት አይቻለሁ። ውሃ የጠፋ ዕለት የሞላ ባልዲ ከክፍሌ ደጃፍ አግኝቻለሁ። አላንኳኩም፤ አንድ ቃልም አልተናገሩም።»

ሙላለም ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ። «ባልዲው እዚህ አለ። ታኅሣሥ ዐሥራ ሰባት። «የተረሳ ዕቃ» ብላ ነው የመዘገበችው።»

«አልተረሳም» አለች ስንዱ። «እንዲህ ያሉ ሰው የማላውቃቸው ሆነው መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ እጃቸውን ይዤ ነው የማስገባቸው። አዎ፣ አከራያቸዋለሁ። በዚህ መጽሐፍ እምላለሁ።»

 አቶ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ጥርጊያውም ከሚገባው በላይ ረዘመ። ሙላለም አንድ ነገር ጻፈ፤ ቀና ብሎም አረጋዊውን ተመለከታቸው።

«እርስዎስ፣ አባቴ? ልጅዎ ባትሆን ከእርሷ ቤት ይከራዩ ነበር?»

«ይህም በደንቡ ውስጥ አለ?»

«የለም። እኔው ማወቅ ፈልጌ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው መነጽራቸውን መለሱ። በሚገባ አሰቡበት። «እኔማ አልከራይም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በጣም ጥብቅ ሴት ናት። ለሳል ማሳሰቢያ ትጽፋለች።»

«አባባ!» አለች ስንዱ።

ሙላለም እየሳቀ ማኅተሙን አነሣና በወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ኪራዩ እውነተኛ ነው፤ ድጎማው ይቀጥላል፤ አቶ ወንድይፍራው በክፍል ሁለት ይኖራሉ። ወረቀቱን ሲያስረክባቸው ግን ከታች ያለችውን አንዲት መሥመር በጣቱ አሳያቸው። ታዛቢዋ ትነሣለች። ጥያቄው ግን በየዓመቱ፣ በየካቲት መጀመሪያ ቀን፣ በዚያው መጽሐፍ ላይ ዳግመኛ ይጠየቃል፤ ያለፈው ዓመት መልስ ለሚመጣው ዓመት አያገለግልም።

ወደ ውጭ ሲወጡ ፀሐይ ነበረች። አቶ ወንድይፍራው በደረጃው ላይ ቆመው ያችን መሥመር መልሰው አነበቧት።

«የከርሞውን ምን ልትመልሺ ነው?» አሉ።

«እንደ ጠባይህ ነው፣ አባባ» አለች ስንዱ፣ እጃቸውንም ያዘች። «ዓመት ሙሉ አይሃለሁ።»

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል፣ ማን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም፤ ውሃ ለእግራቸው አቀረበ፣ ማዕድም አዘጋጀ እንጂ። ይህን ያነበባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከጣሪያችሁ ሥር የሚያድረውን ወገናችሁን ዛሬ እንዳገኛችሁት ሰው አድርጋችሁ የምታዩበትን ዐይን አምላክ ይስጣችሁ። ወደ ደጃችሁ የመጣውንም ሰው የምታስገቡበትን ስፍራ አያሳጣችሁ። አረጋውያኖቻችሁ በመካከላችሁ ይክረሙ፤ ውሃችሁ አይጥፋ፤ ገበታችሁ ሰው አይጣ፤ በቤታችሁ የተኛ ሁሉ በሰላም ይንቃ። አሜን።